ልጆቻችን ለምን ሥዕል ይማራሉ?

ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ጣቱን ከሰል ለክፎት፣ ልብሱን ቀይ አፈር ነክቶት ታገኙታላችሁ። «ዛሬ ምን ተማርክ?» ስትሉት «ሥዕል ሣልን» ይላችኋል። ታዲያ ብዙ ወላጅ በዚህ ጊዜ ይቆጣል። ከብት የሚጠብቅ ጠፍቶ፣ ማሳውን አረም ውጦት፣ ልጅ ተቀምጦ ወፍ ይሥላል እንዴ? ጥያቄው ተገቢ ነው። ስለዚህ ነገሩን እንመርምረው።

እናንተ ፊደል ስትቆጥሩ መጀመሪያ ያስቸገራችሁ ምን ነበር? እርፍ የጨበጠ እጅ እርሳስ አልይዝም ብሎ አልነበረም? «ሀ» ወደ ጎን ያጋድል ነበር። የ«መ» አንዱ ዓይን ሰፍቶ ሌላው ይጠብ ነበር። በሥዕል እጁን ያፍታታ ልጅ ይህን ችግር ቶሎ ይወጣዋል። ክብ ማክበብ፣ መስመር ማቅናት፣ ትልቁን ከትንሹ ማመዛዘን ይለምዳልና።

ጥሩ አስተማሪ ሥዕልን የሚጀምረው ከእናንተው ቤት ነው። መሶብ አምጡ ይላል። እናት መሶብ ስትሰፋ አለላውን በቀለም በቀለም ለይታ፣ በወስፌ እየወጋች፣ ቁጥሩን በልቧ ትይዛለች። አንዱን ብትዘል ጌጡ ዞሮ አይገጥምም። ይህ እኮ ሒሳብ ነው! ልጆቹ ወረቀታቸውን በትናንሽ ሳጥን ከፋፍለው፣ ስንት ቀይ፣ ስንት ጥቁር እንዳለ ቆጥረው ያንኑ ጌጥ ይሥላሉ። ከዚያ ከራሳቸው አዲስ ጌጥ ያወጣሉ። እዚህ ላይ ከአስተማሪው ይልቅ የምታውቀው እናት ናት። ጠርተው ቢጠይቋት ደግ ነው።

የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎችም የሚያስተምሩት አላቸው። በቀድሞው የአሣሣል ልማድ ደግ ሰው ፊቱ ሙሉ ሆኖ በሁለት ዓይኑ ይሣላል። ክፉው ግን በጎኑ ይሣላል፤ የሚታየው አንድ ዓይኑ ብቻ ነው። ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳ ማን ማን እንደሆነ ይለያል። ልጆች በዚህ ዘዴ የአህያንና የጅብን ተረት ቢሥሉ፣ ለአህያ ሁለት ዓይን፣ ለጅብ አንድ ዓይን ነው።

አሁን ስለ አንድ ታላቅ ሠዓሊ እንንገራችሁ። አፈወርቅ ተክሌ በ1925 ዓ.ም. አንኮበር ተወለዱ። ገና በ15 ዓመታቸው ወደ እንግሊዝ አገር የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር። እርሳቸው ግን ልባቸው ወደ ሥዕል አደላና ሥዕል ተምረው ተመለሱ። በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው በአዲስ አበባው የአፍሪካ አዳራሽ ውስጥ በባለቀለም መስታወት የሠሩት ሥዕል አለ። ስፋቱ 150 ካሬ ሜትር ያህል ነው፤ ርዝመቱ 15፣ ወርዱ 10 ሜትር የሆነ ቦታ ማለት ነው። ሦስት ክፍል አለው። አፍሪካ ያሳለፈችውን መከራ፣ ትግሏንና የወደፊት ተስፋዋን ያሳያል። በ1955 ዓ.ም. የአፍሪካ መሪዎች የአንድነት ድርጅታቸውን የመሠረቱት በዚሁ አዳራሽ ነው። አፈወርቅ በ2004 ዓ.ም. አረፉ።

የመስታወት ሥዕል ከሌላው የሚለየው በብርሃን ነው። በቀን ከውጭ ስታዩት የጠቆረ ይመስላል። ወደ ውስጥ ገብታችሁ ስታዩት ግን ፀሐይ ከጀርባው ስለምትመታው ቀለሙ ይበራል። ልጆች ይህንን በወረቀት ሊሠሩት ይችላሉ። በነጭ ወረቀት ላይ በከሰል ወፈር ያለ መስመር አስምረው ቦታውን ይከፋፍላሉ። በየመካከሉ ቀለም ይቀባሉ። ሲደርቅ ጀርባውን በጥቂት ዘይት ያሹታል። ዘይት የጠጣ ወረቀት ብርሃን ያሳልፋል። በመስኮት ላይ ሲለጥፉት ቀለሙ ደምቆ ይታያል።

ቀለም ከየት ይመጣል ትሉ ይሆናል። ለቢጫ እርድ፣ ለጥቁር ጥቀርሻ፣ ለቡናማ ቀይ አፈር በወንፊት ተነፍቶ ይሆናል። የግራር ሙጫ በውሃ አሟሙቶ ከቀለሙ ጋር መለወስ ነው፤ አለዚያ ሲደርቅ ይራገፋል። ለመለጠፊያ የስንዴ ዱቄት በውሃ በጥብጦ እስኪወፍር በእሳት ማማሰል ይበቃል።

ሥዕል የተማረ ልጅ ሁሉ ሠዓሊ አይሆንም፤ እንዲሆንም አይጠበቅም። ልጃችሁ ሥዕሉን ይዞ ቤት ሲመጣ ግን ምን እንደሣለ ጠይቁት፤ ያስረዳችሁ። ግድግዳ ላይ ስትሰቅሉትም ከምድጃው ራቅ አድርጉት፤ ጭስ ቀለሙን ያጠቁረዋል።