ትልቁ መደብርና የሰፈሩ ሱቅ

ናይሮቢ ውስጥ ባለብዙ ቅርንጫፍ ሱፐርማርኬት ሲከፈት የሰፈሩ ሱቅ ወዲያው የማይዘጋው ለምንድን ነው? ሱፐርማርኬቱ በጅምላ ስለሚገዛ በርካሽ ይሸጣል፤ ሽያጩ ግን እጅ በእጅ ነው። በኬንያ «ዱካ» የሚባለው ትንሽ ሱቅ ደግሞ የአንድ ቀን ስኳርና ዘይት ሰፍሮ ይሸጣል፤ ለሚያውቀውም ሰው ዱቤ ይሰጣል።

ትልቅነትም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። በኬንያ፣ በኡጋንዳ፣ በታንዛኒያና በሩዋንዳ ከ60 በላይ ቅርንጫፎች የነበሩት ናኩማት፣ የአቅራቢዎችን ዕዳ መክፈል አቅቶት እ.ኤ.አ. በ2020 ተዘግቷል።

እኛም በካምፕ ውስጥ ሱቅ የከፈትን ስደተኞች ጥንካሬያችን በትንሹ መስፈርና ደንበኛን ማወቅ ነው። ዱቤውን ግን ደንበኛው ፊት በደብተር እንመዝግብ፤ ያልተጻፈ ዱቤ ሱቁንም ወዳጅነቱንም ያፈርሳል።