አሰላለፉ ከተበላሸ ሀኒባልም አያሸንፍም

እስቲ እንደው እናስበው። እ.ኤ.አ. የ2013ቱን የደቡብ አፍሪካ የአፍሪካ ዋንጫ የያዘ የኳስ ጌም ከፍታችሁ ዋሊያዎቹን መረጣችሁ እንበል። ቡድኑ ወደ ሜዳ ሲገባ ግን ከፊት የሚታዩት ሳላዲን ሰኢድና አዳነ ግርማ ሳይሆኑ ሉቺያኖ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ ናቸው። ሁለቱ እ.ኤ.አ. በ1962 አዲስ አበባ ላይ ግብጽን 4 ለ 2 ረትተው ዋንጫውን ያስቀሩልን ጀግኖች ናቸው፣ ክብራቸው አይነካም። ግን በ2013 ሜዳ ላይ ምን ይሠራሉ? «እንዴ! ይሄ ጌም ተሳስቷል» ብሎ የማይጮህ ደጋፊ አይኖርም። የስህተቱ መጠን ደግሞ 51 ዓመት ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2004 ገበያ ላይ የዋለው «ሮም፡ ቶታል ዋር» የተባለ የኮምፒውተር የጦርነት ጌም ግን የሺህ ዓመት ስህተት ይዞ ነው የመጣው። የተበደለችውም ያቺው ግብጽ ናት።

«የጦርነት ጌም ስፖርት ገጽ ላይ ምን ያደርጋል?» የሚል ካለ መልስ አለን። ጌሙን የሠራው ክሪኤቲቭ አሴምብሊ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በ1990ዎቹ እንጀራውን ይበላ የነበረው ከስፖርት ጌሞች ነው፤ «ፊፋ»ን ለኮምፒውተር ካዘጋጁት አንዱ እሱ ነበር። በ2005 የገዛው የጃፓኑ ሴጋም በዓመቱ «ፉትቦል ማናጀር»ን የሚሠራውን ድርጅት ጠቅልሏል። ስለዚህ ዘመዳሞች ናቸው። ሥራውም ቢሆን ያው የአሠልጣኝ ሥራ ነው። በአንድ ጦር ውስጥ የምታሰልፉት ቢበዛ 20 ክፍል ነው። ማን መሐል ይቁም? ማን ክንፍ ይያዝ? ማን ተጠባባቂ ይሁን? ውሳኔው የእናንተ ነው።

ፈርዖን ከየት መጣ?

ጌሙ የሚጀምረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ270 ዓመት ነው። በዚያ ዘመን ግብጽን ይገዛ የነበረው ዳግማዊ ፕቶሌሚ ነው። አባቱ የታላቁ እስክንድር ጄኔራል የነበረ መቄዶናዊ ነው። የቤተ መንግሥቱ ቋንቋ ግሪክኛ፣ የጦሩ የጀርባ አጥንት ደግሞ አምስትና ስድስት ሜትር የሚረዝም ጦር አስቀድሞ ጎን ለጎን የሚቆመው ፋላንክስ ነበር። ጌሙ ላይ የመጣው ግን በሠረገላ የሚዋጋ፣ የፈርዖን ዘመን አለባበስ የለበሰ ሠራዊት ነው። ይህ ዳግማዊ ራምሴስ በ1274 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ገደማ ቃዴሽ ላይ ያሰለፈው ቡድን ነው እንጂ የፕቶሌሚዎቹ አይደለም።

ትክክለኛውን አሰላለፍ ማየት የፈለገ ሰው ራፊያ ላይ በ217 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት የተደረገውን ግጥሚያ ይመልከት። የታሪክ ጸሐፊው ፖሊቢየስ ዝርዝሩን ትቶልናል። የግብጹ አራተኛው ፕቶሌሚ 70 ሺህ እግረኛ፣ 5 ሺህ ፈረሰኛና 73 ዝሆን ይዞ ገባ። የሶርያው ሦስተኛው አንጢዮኩስ ደግሞ 62 ሺህ እግረኛ፣ 6 ሺህ ፈረሰኛና 102 ዝሆን። በፈረሰኛም በዝሆንም የበለጠው አንጢዮኩስ ነው። የፕቶሌሚ ዝሆኖች በቀይ ባሕር በኩል፣ ከኛው ቀንድ የተያዙ ነበሩ፤ ከሕንዶቹ ዝሆኖች ፊት አብዛኞቹ ፈርተው ሸሹ ይላል ፖሊቢየስ። ጨዋታውን የቀየረው መሐል ሜዳው ነው። ፕቶሌሚ ያለ ልማዱ 20 ሺህ የአገሬውን ግብጻውያን ፋላንክስ አሠልጥኖ አሰልፎ ነበር። አሸነፈ። ግን እነዚያው ግብጻውያን «ለካ እኛም እንችላለን» ብለው ከድሉ በኋላ በነገሥታቱ ላይ ዐመፁ።

አያችሁት ነገሩን? ግብጽን በሠረገላ የሞላ ጌም ይህን ታሪክ ሊነግራችሁ አይችልም። ከተሰላፊዎቹ ጋር የጨዋታው ምክንያትም አብሮ ይጠፋል።

እውነቱን ለመናገር ለሠሪዎቹም መከራከሪያ አይጠፋላቸውም። በዚያ ዘመን መቄዶንያ፣ ሶርያና ግብጽ ሁሉም ፋላንክስ ተጫዋቾች ነበሩ። ሦስት ቡድን አንድ ዓይነት ማሊያ ለብሶ ቢገባ ተመልካች ይሰለቻል። የእንግሊዝ ነገዶችን የሰው ጭንቅላት ወርዋሪ ማድረግ ግን በዚህም ሰበብ አይታለፍም። ጌሙ ይህንንም አድርጎታል።

ሀኒባል ያሰለፋቸው

አሰላለፍ ለምን ነፍስ እንደሆነ የሚያሳየው ግን ካኔ ነው፤ ዓመቱ 216 ከክርስቶስ ልደት በፊት። በፖሊቢየስ ቁጥር ሮም 80 ሺህ ገደማ እግረኛና 6 ሺህ ፈረሰኛ፣ ሀኒባል ደግሞ 40 ሺህ እግረኛና 10 ሺህ ፈረሰኛ ነበራቸው። በእግረኛ እጥፍ ተበልጧል፤ በፈረስ ግን ይበልጣል።

ሀኒባል መሐሉን ለጎሎችና ለስፔኖች ሰጠ፤ ወደ ፊት እንደ ጨረቃ ቀስት አጉብጦ አቆማቸው። በሁለቱ ጫፍ ልምድ ያላቸውን አፍሪካውያን አደረገ። በግራ ክንፍ ከባዱን ፈረሰኛ በሐስድሩባል መሪነት፣ በቀኝ ክንፍ ያለ ልጓም የሚጋልቡትን ኑሚድያውያን አሰለፈ። ሮማውያን በመሐል ገፉ፣ መሐሉም ቀስ እያለ አፈገፈገ። ደስ ብሏቸው በገቡ ቁጥር በሁለቱ ጎን ያሉት አፍሪካውያን ወደ ውስጥ ዞሩባቸው። ሐስድሩባል የፊቱን ፈረሰኛ በትኖ፣ ዞሮ የኑሚድያውያኑን ክንፍ አግዞ፣ በመጨረሻ ከኋላ መጣ። ከዚያ ወዲያ ጨዋታ አልነበረም። የሮም ሟቾች በሊቪ ቁጥር 48 ሺህ ገደማ፣ በፖሊቢየስ 70 ሺህ ናቸው።

አሁን የሀኒባልን ኪሳራ እንየው። ፖሊቢየስ እንደሚለው ወደ 5,700 ሰው ሞቶበታል። ከዚህ ውስጥ 4 ሺዎቹ ጎሎች ናቸው። ጫናውን እንዲሸከም መሐል የቆመው ዋጋውን ከፍሏል ማለት ነው። አፍሪካውያኑን አውጥታችሁ በጎል ብትተኩ ወጥመዱ የሚዘጋበት ጎን የለም። ፈረሰኛውን ብትቀንሱ ከኋላ የሚመጣ የለም። ያው ታክቲክ፣ ያው ሜዳ፣ ግን በሌሎች ተጫዋቾች ይሸነፋል።

ሮማውያንም ቢሆኑ ሥርዓት ነበራቸው። በፖሊቢየስ ዘመን አንድ ሌጂዮን 1,200 ሀስታቲ ከፊት፣ 1,200 ፕሪንኪፔስ ከኋላቸው፣ 600 ትሪያሪ በመጨረሻ፣ 1,200 ቀላል ወርዋሪና 300 ፈረሰኛ ነበረው። ወጣቱ ይጀምራል፣ አንጋፋው ይጠብቃል። ዛሬ ኦንላይን የሚገጥሙ ብዙዎች ግን ገንዘባቸውን በሙሉ ምርጥ በሚሉት ክፍል ይጨርሳሉ፤ 20ውንም ትሪያሪ ወይም 20ውንም ዝሆን። አሥራ አንድ አጥቂ እንደማሰለፍ ነው። ለዚህ ነው ቁም ነገረኞቹ ተጫዋቾች «ዝሆን ከዚህ አይበልጥም» ዓይነት ሕግ በመካከላቸው የሚያወጡት።

ደጋፊዎች ሲያርሙት

ደስ የሚለው ታሪኩን ያረሙት ራሳቸው ደጋፊዎች መሆናቸው ነው። «ዩሮፓ ባርባሮረም» የተባለው የበጎ ፈቃደኞች ሥራ ያንኑ ጌም ከሥሩ ነቅሎ ሠራው። ግብጽ ፋላንክሷን አገኘች። የየሕዝቡ ወታደር ስም በየቋንቋው ተጻፈ። ከቀይ ባሕር ማዶ የነበረችው የሳባ መንግሥትም ቦታ አገኘች። ክፍያ የለ፣ ደመወዝ የለ፤ ፍቅር ብቻ።

ኩባንያውም ወደኛ አካባቢ ዓይኑን መጣሉ አልቀረም። በ2016 «ቶታል ዋር፡ አቲላ» ላይ አክሱም ተጨመረች፤ በ2018 ደግሞ «ሮም 2» ላይ የኩሽ መንግሥት ከነመርዌ ገባ። ከጥንቱ ዘመን ወጣ ስንል፣ በ2015 «ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2» ላይ የገቡት ኢትዮጵያውያን ሾተል ይዘው በአማርኛ ይናገራሉ።

አንድ ነገር ግን አንርሳ። አሰላለፉ ትክክል ቢሆንም ጌሙ ሜዳውን በሙሉ ከላይ ያሳያችኋል። ሀኒባል ግን እንዲህ ያለ ካሜራ አልነበረውም፤ በአቧራው መሐል ሆኖ ነው የመራው። ስለዚህ በፈረስ ከፍታ እያያችሁ ካኔን ሞክሩት። መሐሉ ሲያፈገፍግ ልባችሁ ይርዳል። «ለውጥ ላድርግ?» ያሰኛችኋል። እሱ ግን አልለወጠም፤ ማንን የት እንዳቆመ ያውቅ ነበራ።