ከኮርኒሱ በላይ ምን አለ?

ባለፈው ወር በአንድ አዲስ ሕንፃ ውስጥ ወዳለ ባንክ ገብቼ ተራዬን ስጠብቅ፣ አንድ ሠራተኛ መሰላሉን ከፊት ለፊታችን አቁሞ ወጣ። ከበላዩ ባለው ነጭ ኮርኒስ ላይ የቡና አተላ የፈሰሰበት የሚመስል እድፍ ይታይ ነበር። ሰውየው መዶሻም ሆነ የምስማር መንቀያ አልያዘም። ያደፈውን ሰሌዳ በመዳፉ ወደ ላይ ገፋ አድርጎ አነሣው፤ አጋደለው፤ በሰያፍ አውጥቶም ከታች ለቆመው ጓደኛው አቀበለው። ከዚያ በኋላ ራሱ እስከ ትከሻው ድረስ በጣራው ውስጥ ጠፋ።

ከኋላዬ የቆሙ አንድ ሽማግሌ ይህን አይተው፣ «እኔኮ እስካሁን ጣራው እርሱ መስሎኝ ነበር» አሉኝ። ልሥቅ ብዬ ተውኩት፤ እኔም የማስበው እንደ እርሳቸው ነበርና። በተከፈተው ቀዳዳ ሽቅብ ብመለከት፣ እውነተኛው ጣራ ከዚያ አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ ጥቁርና ሻካራ ሲሚንቶ ሆኖ ይታያል። በመካከሉ ቧንቧው፣ የኤሌክትሪክ ገመዱና አየር የሚተላለፍበት ቆርቆሮ ተጠላልፈው ተዘርግተዋል። የሚያንጠባጥበው ቧንቧም እዚያው ተገኘ። «ውስጡን ለቄስ» የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ለመሆኑ ይህ ነጭ ሰማይ በምን ቆሟል? ማንስ አሰበው? ከራሳችን በላይ መኖሩስ ምን ያህል ያሳስበናል? እነዚህ ጥያቄዎች ከባንኩ ይዤአቸው የወጣሁ ናቸው።

ከአቡጀዲ እስከ ብረት መረብ

ኮርኒስ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ቃሉ ከጣልያንኛ የመጣ ቢሆንም፣ ነገሩን ያደግንበት ቤት አስተምሮናል። በቆርቆሮው ክዳን ሥር አቡጀዲ ተወጥሮ በምስማር ይመታል፤ ትንሽ አቅም ያለው ደግሞ ችፑድ ያስመታል። ማታ ማታ አይጦች ከበላዩ ሲራወጡ ያልሰማ ልጅ ማን ነው? ይህ ኮርኒስ ግን አንድ ጉድለት አለው። አንድ ጊዜ ከተመታ በኋላ ከበላዩ ያለውን ለማየት የሚፈልግ ሰው ወይ መቅደድ ወይ መንቀል አለበት።

በባንኩ ያየሁት ግን ተንጠልጣይ ነው። አሠራሩም እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ባለሞያው በውሃ ልክ፣ ወይም በዛሬው ጊዜ በብርሃን ጨረር መለኪያ፣ በግድግዳው ዙሪያ አንድ የተስተካከለ መሥመር ያሰምራል። በዚያም መሥመር ላይ በማዕዘን የታጠፈ ቀጭን ብረት ይመታል። ቀጥሎ ከላይኛው የሲሚንቶ ጣራ ላይ መያዣ እየተከለ፣ በየ1 ሜትር ከ20 ሳንቲሜትሩ ሽቦ ያወርዳል። በሽቦዎቹ ጫፍ ላይ ‹ቲ› የተባለውን የላቲን ፊደል የተገለበጠ መልክ ያላቸው ረጃጅም ብረቶች ይታሰራሉ። በነዚህ መካከል አጫጭር ብረቶች እየተቆላለፉ ሲገቡ፣ ሁሉም በአንድነት የዳማ ገበታ ይመስላል። እያንዳንዱ ዓይን ብዙውን ጊዜ 60 በ60 ሳንቲሜትር ነው።

ሰሌዳው በዓይኑ ውስጥ ይቀመጣል እንጂ አይጣበቅም። ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ቀልጦ እንደ ጥጥ ከተፈተለ ድንጋይ ወይም ከብረት ማቅለጫ ዝቃጭ ስለሆነ፣ አንዱን ሰሌዳ ልጅ እንኳ ሊያነሣው ይችላል። ይሁን እንጂ የአንድ ሰፊ አዳራሽ ኮርኒስ ሰሌዳው፣ ብረቱና መብራቱ ሲደመር ብዙ መቶ ኪሎ ይሆናል። ይህን ሁሉ የሚሸከመው ሽቦ ውፍረቱ 3 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። በዚህም ምክንያት የአሜሪካን የሥራ ደንብ የሽቦው ጫፍ በራሱ ላይ ቢያንስ ሦስት ጊዜ በሚገባ ተጠምጥሞ እንዲታሰር ያዛል።

ድምፅ፣ ብርሃንና አየር

እንዲህ ያለውን ኮርኒስ ያስፈለገው አንደኛው ምክንያት ድምፅ ነው። በ1895 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ፎግ በተባለው አዲስ የሥዕል ቤተ መዘክር ውስጥ የከፈተው የትምህርት አዳራሽ ለመምህራኑ መከራ ሆኖባቸው ነበር። አንድ ቃል ከተነገረ በኋላ ከአምስት ሰከንድ በላይ በአዳራሹ ውስጥ ይንከባለላል። መምህሩ ሌላ ቃል ሲናገር የፊተኛው ገና አልሞተም፤ ተማሪው የሚሰማው የተደበላለቀ ጫጫታ ነው።

መላ እንዲፈልግ የታዘዘው ዋላስ ሳቢን የተባለ የ27 ዓመት የፊዚክስ መምህር ነበር። እርሱም ከሌላ አዳራሽ የመቀመጫ ትራሶች እያስመጣ፣ ከተማው በሚተኛበት ሌሊት የኦርጋን ቧንቧ እያስጮኸ፣ ትራስ በጨመረ ቁጥር የድምፁ ዕድሜ ምን ያህል እንደሚያጥር በሰዓት ይለካ ጀመር። የድምፅን መዋጥ የሚለካበት ሚዛንም አንድ የተከፈተ መስኮት ነበር፤ በመስኮት የወጣ ድምፅ አይመለስምና። እንግዲህ በኮርኒሱ ሰሌዳ ላይ የምናያቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎችና ስንጥቆች ለጌጥ ብቻ የተሠሩ አይደሉም። ድምፅን እየዋጡ የሚያስቀሩ ትንንሽ መስኮቶች ናቸው ማለት ይቻላል። ባዶ የሲሚንቶ ክፍል ውስጥ ቆሞ ሲያስተምር የራሱ ድምፅ እየተመለሰ ለሚከራከረው እንደ እኔ ላለ ሰው፣ ይህ ቀላል ጸጋ አይደለም።

ሁለተኛው ምክንያት ብርሃንና አየር ነው። በ1938 ፍሎረሰንት የተባለው ረጅም መብራት በአሜሪካን አገር ለገበያ ቀረበ፤ አየር ማቀዝቀዣም በየመሥሪያ ቤቱ እየገባ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ከመስኮት ርቆ የተቀመጠ ጸሐፊም ብርሃንና ነፋስ ስለሚያገኝ፣ ሕንፃዎች ወደ ውስጥ ሰፉ። ነገር ግን ያ ሁሉ ገመድና የአየር መተላለፊያ መደበቂያ ቦታ ፈለገ። መደበቂያውም ከኮርኒሱ በላይ ሆነ።

የተደበቀውን መልሶ ማግኘት ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነበር። ኤሪክ ሆል የተባለ ሰው በ1923 የፈጠራ መብት ያገኘበት ተንጠልጣይ ኮርኒስ፣ ሰሌዳዎቹ እርስ በርሳቸው የተቆላለፉ ነበሩ። በመካከል ያለውን ቧንቧ ለመጠገን ከዳር ጀምሮ አንድ በአንድ እያወለቁ መሄድ ያስፈልግ ነበር። ዶናልድ ብራውን የተባለው የኦሃዮ ሰው በ1961 መብት ያገኘበት አሠራር ግን በየትኛውም ሥፍራ ያለውን ሰሌዳ ብቻውን ለማንሣት የሚያስችል ሆነ። የባንኩ ሠራተኛ እድፉን በመዳፉ የከፈተው ከዚህ ሐሳብ የተነሣ ነው።

በቶኪዮ የደረሰው

እስከዚህ ድረስ የተናገርኩት ሁሉ ምስጋና ነው። ነገር ግን የተደበቀ ነገር በቀላሉ ይረሳል፤ መርሳትም ዋጋ ያስከፍላል።

በ2011 ዓ.ም. በመጋቢት ወር በ11ኛው ቀን በጃፓን ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲደርስ፣ ቶኪዮ ከመነሻው ከ300 ኪሎሜትር በላይ ርቃ ትገኝ ነበር። በዚያች ሰዓት ኩዳን ካይካን በተባለው አዳራሽ የአንድ የሞያ ትምህርት ቤት የምረቃ በዓል ይከበር ነበር። በ1934 የተሠራው ሕንፃ ራሱ አልፈረሰም። የወደቀው የተንጠለጠለው ኮርኒስ ነው። ሁለት ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎችም ቆሰሉ። በዚያው ቀን በካዋሳኪ ከተማ የአንድ ታላቅ የሙዚቃ አዳራሽ ኮርኒስ ወንበሮቹ ላይ ተናደ። ተመልካች ስላልነበረ ሰው አልሞተም፤ አዳራሹ ግን እስከ 2013 ድረስ ተዘግቶ ቆየ።

እነዚህ ሁለት ኮርኒሶች ከባንኩ ጋር በዓይነት አንድ አይደሉም፤ የከበዱና ከፍ ብለው የተሰቀሉ ነበሩ። የሚያመሳስላቸው ግን መንጠልጠላቸው ነው። የተንጠለጠለ ነገር ሲነቀነቅ እንደ ዥዋዥዌ ይወዛወዛል። ተወዛውዞ ግድግዳውን ይመታል፤ ወይም ከዳር ካለው ጠባብ የብረት መደገፊያ ይንሸራተታል። አንድ ጠርዝ ከለቀቀ ጎረቤቱ ይከተላል።

መድኃኒቱ ግን የታወቀ ነው። መሬት አጥብቆ በሚንቀጠቀጥባቸው አካባቢዎች የአሜሪካን ደንብ የግድግዳው መደገፊያ 5 ሳንቲሜትር ያህል እንዲሰፋ፣ በሁለት በኩልም ኮርኒሱ ከግድግዳው 2 ሳንቲሜትር ገደማ እንዲርቅ ያዛል። በሰፊ ክፍል ውስጥ በአራት አቅጣጫ ሰያፍ ሽቦዎች ይወጠራሉ፤ መብራቶቹም በኮርኒሱ ብረት ብቻ እንዳይተማመኑ የራሳቸው ሽቦ ከላይኛው ጣራ ይታሰርላቸዋል። ጃፓንም ከ2014 ጀምሮ ከ6 ሜትር በላይ ከፍ ብለው ለተሰቀሉ፣ ሰፋፊና ከባድ ለሆኑ ኮርኒሶች ጥብቅ ሕግ አወጣች።

ይህ ነገር የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ በአዋሽና በፈንታሌ አካባቢ እየተደጋገመ የደረሰው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። በፎቅ ላይ የሚሠራ ሰው ያን ጊዜ ዓይኑ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ግድግዳው ነው። ቀና ብሎም ቢመለከት ደግ ነበር።

አንባቢዬ በመሥሪያ ቤቱ ያለ ሥልጣን ሊያደርገው የሚችለው ነገር አለ። እድፍ ከታየ ከበላዩ ውሃ አለ ማለት ነውና ቀለም ከማስቀባት ይልቅ ምክንያቱን ማስፈለግ ይገባል። መሥመሩ የጎበጠ ብረት ካለ ሽቦው ለቅቆ ይሆናል። የጎደለ ሰሌዳም በቶሎ መተካት አለበት፤ እሳት ቢነሣ ጭሱ በቀዳዳው ሽቅብ ስለሚያልፍ የማስጠንቀቂያው መሣሪያ ይዘገያልና። በበዓል ቀን ከባድ ጌጥ በኮርኒሱ ብረት ላይ መስቀልም መልካም አይደለም።

ወደ ባንኩ ልመለስ። ሠራተኛው ቧንቧውን ጠግኖ አዲሱን ሰሌዳ ሲያስገባ፣ ሽማግሌው ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ይህን ሁሉ የያዘው ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁት።

«ሽቦ ነው፣ አባባ።»

«ሽቦውንስ ማን ያየዋል?»

ሰውየው ሣቀና፣ «ያሰረው ያውቃል» ብሎ መሰላሉን አጠፈ።

መልሱ ደግ ነው፤ ነገር ግን አይበቃም። ሽቦው ሁሉ በግልጽ የሚታይበት አንድ ጊዜ አለ፤ እርሱም ብረቱ ተሰቅሎ ሰሌዳዎቹ ገና ሳይገቡ ነው። መሐንዲሱ፣ ተቆጣጣሪውና ባለንብረቱ ወጥተው እያንዳንዱን ቋጠሮ ማየት ያለባቸው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ሰማዩ ይዘጋል፤ ከሥሩ የምንሰለፈውም ያላየነውን አምነን እንቆማለን።