ከጭቃ እስከ መስታወት ልባስ፦ የሻይ ጽዋ ሠርቶ የመተኮስ ሳይንስ

ጀበናና ሲኒ በአንድ ረከቦት ዙሪያ ጎን ለጎን ተቀምጠው ማየት ለሁላችንም የተለመደ ነው። ሁለቱም ከአፈር የተሠሩ፣ ሁለቱም በእሳት ያለፉ ናቸው። ይሁን እንጂ አዲስ ጀበና ውሃ ተሞልቶ ሲያድር ውጫዊ ገጹ ይረጥባል፤ ሲኒው ግን አንዲት ጠብታ እንኳ አያሳልፍም። የዚህ ልዩነት ምክንያት ምንድን ነው? በቤታችን የሻይ ጽዋ ሠርተን፣ እንደ ሲኒው የሚያብረቀርቅ ልባስ ልናለብሰውስ እንችላለን? ጥያቄውን ከጭቃው እንጀምረዋለን።

የሸክላ አፈር ከሌላው አፈር የሚለየው በቅንጣቶቹ ቅርጽ ነው። ካኦሊናይት የተባለው የሸክላ ማዕድን ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ከ2 ማይክሮሜትር በሚያንሱ ስድስት ማዕዘን ስስ ገበታዎች መልክ ነው። በገበታዎቹ መካከል ውሃ ሲገባ አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታል፤ ግፊቱ ሲቆም ደግሞ ባሉበት ይቀራሉ። ጭቃው በአውራ ጣት ስንጫነው የሰጠነውን ቅርጽ ይዞ የሚቆየው በዚህ ምክንያት ነው። እርጥብ አሸዋ ይህ ባሕርይ የለውም።

ጽዋ ለመሥራት መንኮራኩር የግድ አያስፈልግም። በአዲስ አበባ የቀጨኔ፣ በጎንደር አቅራቢያ ደግሞ የወለቃ ሴት ሸክላ ሠሪዎች የሚታወቁበት ጥበብ የእጅ ሥራ ነው። በጃፓንም በ16ኛው ክፍለ ዘመን ቾጂሮ የተባለው የኪዮቶ ሸክላ ሠሪ ለሻይ ሥርዓት ሊቁ ለሴን ኖ ሪኪዩ የሠራቸው ራኩ የሚባሉት ጽዋዎች ያለ መንኮራኩር በእጅ የተበጁ ነበሩ። ግማሽ ኪሎ ያህል ጭቃ አየር እስኪወጣለት በደንብ አሽቶ ማድቦልቦል፣ መሐሉን በአውራ ጣት መብሳት፣ ከዚያም እያዞሩ ግድግዳውን 7 ሚሊሜትር ገደማ እስኪሆን በጣቶች መሳሳት ይበቃል። ግድግዳው እኩል ውፍረት ይኑረው፤ ወፍራሙና ስሱ ክፍል በተለያየ ፍጥነት ከደረቁ ጽዋው ይሰነጠቃል። ጭቃው ሲደርቅ ርዝመቱ ከመቶ 5 እስከ 8 እጅ ያህል ስለሚቀንስ ጽዋውን ካሰብነው ትንሽ አተልቀን እንሠራዋለን። የተፈጨ ገል በጭቃው ውስጥ መቀላቀል ይህን መኮማተር ይቀንሳል። ገሉ አንዴ የተተኮሰ በመሆኑ ዳግም አይኮማተርም፤ ለእርጥበቱም መውጫ ቀዳዳ ይተዋል።

የመጀመሪያው ጽዋችን ሦስት ቀን ከደረቀ በኋላ ነጭ መስሎ ስለታየን ከሰል ምድጃ ውስጥ ከተትነው። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ እንደ ርችት ጮኾ ተበታተነ። ገጹ ደርቆ ነበር፤ ልቡ ግን አልደረቀም። ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ይዘቱ ከ1,600 እጥፍ በላይ ያድጋልና፣ መውጫ ያጣው እንፋሎት ግድግዳውን ሰንጥቆ ይወጣል። ከዚያ ወዲህ ጽዋን ጉንጫችን ላይ አስጠግተን ቅዝቃዜ ከተሰማን አንተኩሰውም። ቅዝቃዜው ውሃ ገና እየተነነ መሆኑን ይነግረናል።

እሳቱ ሲያይል ሌላ ውሃ ይወጣል። ይህኛው በማዕድኑ መዋቅር ውስጥ በኬሚካላዊ ትስስር የታሰረው ሲሆን፣ ከንጹሕ ካኦሊናይት ክብደት ከመቶ 14 እጅ ያህል ነው። ከ450 እስከ 600 ዲግሪ ባለው ክልል ይህ ውሃ ሲለቅ ለውጡ አይመለስም፤ ጭቃው ሸክላ ሆኗል፣ ውሃ ውስጥ ቢዘፈዘፍም አይሟሟም። በ573 ዲግሪ ደግሞ በአፈሩ ውስጥ ያለው ኳርትዝ በድንገት የክሪስታል ቅርጹን ይለውጣል፤ መጠኑም ይጨምራል፤ ሲቀዘቅዝ በዚያው ነጥብ ላይ ይመለሳል። እሳቱን በዚህ አካባቢ በዝግታ ማሳለፍ የሚመከረው ስለዚህ ነው።

በግልጥ የሚነድ የእንጨት እሳት አብዛኛውን ጊዜ ከ600 እስከ 900 ዲግሪ ይደርሳል። ይህ ለጀበና በቂ ነው፤ ለሲኒ ግን አይደለም። ጀበናው በቅንጣቶቹ መካከል ክፍት ቀዳዳዎች ቀርተውበታል፤ በሲኒው ውስጥ ግን ከፍ ባለ ሙቀት ከፊሉ ቀልጦ ቀዳዳዎቹን ደፍኗቸዋል።

አሁን ወደ ልባሱ እንምጣ። ሸክላ ሠሪዎች ግሌዝ የሚሉት ይህ ልባስ መስታወት ነው። መሠረቱ ሲሊካ ሲሆን፣ ንጹሕ ሲሊካ ለመቅለጥ 1,700 ዲግሪ ገደማ ይፈልጋል። ስለዚህ የመቅለጫ ነጥቡን የሚያወርዱ አቅላጮች፣ ቀልጦም ከጽዋው ላይ እንዳይንጠባጠብ የሚያወፍረው አሉሚና ይጨመሩበታል። በእንግሊዛዊው ሸክላ ሠሪ በበርናርድ ሊች ስም የሚታወቀው ቅመራ ለማስታወስ ቀላል ነው፤ ፌልድስፓር 40፣ ኳርትዝ 30፣ ኖራ ድንጋይ 20፣ ካኦሊን 10 እጅ። ተፈጭቶ በውሃ ይበጠበጥና አንዴ በ1,000 ዲግሪ ገደማ የተተኮሰው ጽዋ ይነከርበታል፤ የጽዋው እግር ግን መጠረግ አለበት፣ አለዚያ ከእቶኑ ወለል ጋር ይጣበቃል። ጥቂት የብረት ኦክሳይድ ቢጨመር ኦክስጅን ባነሰው እሳት አረንጓዴ፣ ከመቶ 8 እስከ 10 እጅ ቢሆን ጥቁር ቡናማ ይሰጣል። የኳርትዝ ብናኝ ሳንባን ስለሚጎዳ ዱቄቱ ሲለካ አፍንጫንና አፍን በተገቢ ጭምብል መሸፈን ያሻል።

ይሁንና ይህ ልባስ የሚቀልጠው ከ1,250 ዲግሪ በላይ ነው፤ የቤት ምድጃ በፍጹም አይደርስበትም። እዚህ ላይ አንድ አደገኛ አቋራጭ አለ። የእርሳስ ኦክሳይድ ልባሱን በጣም ዝቅ ባለ ሙቀት ያቀልጠዋል፣ ገጹም እጅግ ያምራል፤ በብዙ አገሮችም ለዘመናት ሲሠራበት ኖሯል። ነገር ግን በደንብ ካልተቀመረና ካልተተኮሰ ልባስ ውስጥ ሎሚ የተጨመቀበት ሻይ ወይም ሌላ አሲዳማ ምግብ እርሳሱን ያሟሟል። ጠጪው በጣዕም አያውቀውም፤ የሕፃናትን አእምሮ ግን ይጎዳል። ከአሮጌ ባትሪ እርሳስ አውጥቶ መሞከር ጽዋው ሳይጠናቀቅ ሠሪውን በጭሱ ሊመርዝ ይችላል። በእኛ አስተያየት ምርጫው ሁለት ብቻ ነው፤ ጽዋውን በቤት ሠርቶና አድርቆ የኤሌክትሪክ እቶን ወዳለበት የሸክላ አውደ ጥናት መውሰድ፣ ወይም እንደ ጀበና ያለ ልባስ መተው። በለስላሳ ጠጠር ሳይደርቅ የተወለወለ ጽዋ ያለ መስታወትም ያበራል።

ወደ እቶን የወሰዱት የሙቀቱን መድረስ በዜገር ሾጣጣዎች ሊያውቁ ይችላሉ። ጀርመናዊው ኬሚስት ሄርማን ዜገር እ.ኤ.አ. በ1886 ያበጃቸው እነዚህ ትናንሽ ሾጣጣዎች ከልባስ መሰል ቅይጥ የተሠሩ ናቸው፤ ቴርሞሜትር የሚያነበው ሙቀትን ብቻ ሲሆን፣ የሾጣጣው ጫፍ የሚጎነበሰው በሙቀቱም በቆይታውም ነው።

እቶኑን ለመክፈት አይቸኩሉ። ከቀዘቀዘ በኋላ ጽዋው ቀጭን የብረት ድምፅ የመሰለ ጭርጭርታ ካሰማ፣ ልባሱ ከሸክላው ይበልጥ ተኮማትሮ በመወጠሩ እየተሰነጣጠቀ ነው። በቀጣዩ ቅመራ ኳርትዙን በጥቂቱ ከፍ ማድረግ ውጥረቱን ያረግበዋል። ድምፁ አንዳንድ ጊዜ ለቀናት ይቆያል።