ጣና ላይ ማደር፦ የአገሬው ሰው የት ያርፋል?

ስልካችሁን አውጡና «ጣና ደሴት ማረፊያ» ብላችሁ ፈልጉ። የሚመጣላችሁ የባህር ዳር ሆቴሎች ዝርዝር ነው። አሪፍ ሆቴሎች ናቸው፣ ግን ባህር ዳር ደሴት አይደለችም። ከዚያ ደብረ ታቦር መናኸሪያ ሂዱና ነጠላቸውን አጣፍተው መኪና የሚጠብቁ አንዲት እናት «እማማ፣ ጣና ሲሄዱ የት ነው የሚያድሩት?» ብላችሁ ጠይቁ። የሆቴል ስም አይነግሯችሁም። «እነ እገሌ ዘንድ» ይሏችኋል፤ ወይም በአጭሩ «ገዳም»።

በአካባቢያችን የሐይቁን አዳር የሚያውቀው ይህ ሰው ነው። ለንግሥ የሚሄደው፣ ሱባኤ የሚገባው፣ ዘመድ የሚጠይቀው። ለእኛ ለወጣቶቹ ግን ጣና የአንድ ቀን ነገር ሆኗል፦ ጠዋት መነሳት፣ ቀትር ላይ ጀልባ፣ ዓሣ ጥብስ፣ ፎቶ፣ ማታ ወደ ቤት። እኔ ደግሞ ጣና መታደር አለበት ባይ ነኝ። ምክንያቴ ግማሹ የነፋስ፣ ግማሹ የብር ነው።

ነፋሱና ብሩ

እኔ የጋፋት ልጅ ነኝ። ጋፋትን ብዙዎቻችሁ አጼ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ባሠሩበት መንደርነት ታውቁታላችሁ። ከደብረ ታቦር እስከ ባህር ዳር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከ2,700 ሜትር ከፍታ ተነስተን ሐይቁ ወዳለበት 1,800 ሜትር ስንወርድ ወረታ ላይ ጋቢያችን ይወልቃል። ይህን ያህል ቅርብ ነው። ሆኖም ጠዋት 1 ሰዓት የተነሳ ሰው ቁርስ በልቶ፣ ጀልባ ተደራድሮ ውሃው ላይ እስኪወጣ ድረስ ቀትር ይሆናል።

ቀትር ደግሞ የጣና ክፉ ሰዓት ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳል፣ ማዕበሉ ጀልባዋን ያንገላታል። ባለ ጀልባዎቹ «ጠዋት ኑ» የሚሉት ለዚህ ነው። ማለዳ ሐይቁ እንደ መስታወት ነው፤ ደንገል ታንኳ የሚቀዝፉ ዓሣ አጥማጆችን የምታዩትም ያኔ ነው። የደረሰ መልስ ተጓዥ ይህን ሰዓት ሁልጊዜ ያመልጠዋል። ያደረ ሰው ግን ቁርሱን ሳይበላ ያገኘዋል።

ብሩስ? የቀን ጎብኚ አብዛኛውን ወጪውን የሚያወጣው ከተማ ውስጥ ነው። ለምሳ፣ ለሆቴል፣ ለጀልባ ኪራይ። ደሴቱ የሚደርሰው የመግቢያ ክፍያና ምናልባት የአንድ ትንሽ የደንገል ታንኳ ቅርጽ ዋጋ ነው። የሚያድር እንግዳ ግን እራት ይበላል፣ ቡና ይጠጣል፣ ጠዋት ቁርስ ይፈልጋል፣ መንገድ የሚያሳየው ልጅ ይቀጥራል። እያንዳንዷ ወጪ ትንሽ ናት፣ ግን እዚያው መንደር ትቀራለች። ያቺን ብር ቡና ያፈላችው ሴት ትወስዳለች፣ እሷ ደግሞ ዓሣ ትገዛበታለች። ክፍል ውስጥ መልቲፕላየር እያልን በቀመር የምንማረው ነገር እዚያ በዓይን ይታያል።

መጀመሪያ ማን እንደሚገባ እወቁ

ጣና ላይ 37 ደሴቶች እንዳሉ ይነገራል። ከግማሽ የሚበልጡት ላይ ቤተ ክርስቲያን ወይም ገዳም አለ፣ ወይም ነበረ። ስለዚህ ቦታ የሚመረጠው በውበት ብቻ አይደለም፤ መጀመሪያ ደሴቱ እናንተን መቀበሉ ይጣራል።

እኔ ሴት ነኝ። ዳጋ እስጢፋኖስ አልገባም፤ ክብራን ገብርኤልም አልገባም። ሁለቱም የወንዶች ገዳማት ናቸው። ዳጋ ላይ የአጼ ይኩኖ አምላክ፣ የአጼ ዘርዓ ያዕቆብና የአጼ ፋሲል አጽም እንዳለ ከወንድሞቼ ሰምቻለሁ እንጂ አላየሁም። ጣና ቂርቆስ፣ በገዳሙ ትውፊት ታቦተ ጽዮን አክሱም ከመግባቷ በፊት ለረጅም ዘመን ያረፈችበት ደሴት፣ ለሴት እስከ የት እንደሚፈቀድ ቀድሞ መጠየቅን ይፈልጋል። ወንድና ሴት ቀላቅላችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ከጀልባ ድርድር በፊት ተነጋገሩበት። ግማሹ ጓደኛ ገዳም ገብቶ ግማሹ ጀልባ ውስጥ ፀሐይ ሲመታው የሚውልበት ሽርሽር ደስ አይልም። ከክብራን አጠገብ ያለው እንጦስ ኢየሱስ ግን ሴትም ይገባል፤ ናርጋ ሥላሴና የዘጌዎቹም እንዲሁ።

ዘጌ፦ ለመጀመሪያ አዳር

ዘጌ በትክክል ደሴት አይደለችም፤ ሦስት ጎኗን ውሃ የከበባት ባሕረ ገብ መሬት ናት። ግን የደሴትን ስሜት በቀላል ወጪ የሚሰጥ እንደሷ የለም። ከባህር ዳር የገበያተኛ ጀልባ አላት፤ በመኪናም ይደረሳል። ቱሪስት የሚከራየውን ጀልባ ትታችሁ ከገበያተኛው ጋር ከተሳፈራችሁ ወጪው በብዙ ይቀንሳል፣ ጨዋታውም ነጻ ነው።

ዘጌ ማለት ቡና ነው። በትውፊት አቡነ በትረ ማርያም «በሬ አይጠመድ፣ ከብት አይርባ» ብለው አዘዙ ይባላል። ሕዝቡም ሞፈር ቀንበር ሳይዝ በቡና፣ በጌሾና በሎሚ ኖረ። ጫካው እስከ ዛሬ የቆየው በዚህ ነው። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳዋ በሥዕል የተሞላው እዚሁ ነው።

የአገሬው ሰው የሚያድረው አፋፍ በሚባለው መንደር፣ ዘመድ ወይም የቡና ደንበኛ ዘንድ ነው። ዘመድ የሌለው ቀለል ያለ አልጋ ይጠይቃል። ሻወርና ዋይፋይ ለሚል ሰው አይሆንም። ማታ ጫካው ውስጥ ወፉና ጉሬዛው ዝም ሲል፣ ቡና ተፈልቶ ከተተከለበት አፈር ላይ ተቀምጦ መጠጣት ለሚወድ ግን ይሆናል።

ደቅ፦ እውነተኛው ደሴት

ደቅ ከደሴቶቹ ሁሉ ትልቁ ነው። ገበሬ አለበት፣ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ አለበት። ከባህር ዳር በትንሽ ሞተር ጀልባ ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ደርሶ መልስ ስድስት ሰዓት ውሃ ላይ ማለት ነው። ደቅን በአንድ ቀን አይተው የሚመለሱ ሰዎች ያዩት በአብዛኛው ውሃ ነው።

በምዕራብ ጫፉ ናርጋ ሥላሴ አለ፣ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሯት። በሯ ላይ ፒፓ የሚያጨስ ፈረንጅ ተቀርጾ ታያላችሁ፤ ጄምስ ብሩስ ነው ይባላል።

ደቅ ላይ አዳር በሰው ነው። ለጥር 7 ሥላሴ የሚመጣው ምእመን በሶና ዳቦ ቆሎውን ይዞ፣ ግማሹ በዘመድ ቤት፣ ግማሹ በቅጥሩ አካባቢ ጋቢውን ተከናንቦ ያድራል። በሌላ ጊዜ የሚሄድ ሰው በባለ ጀልባው በኩል ቀድሞ ስልክ አስደውሎ የሚያሳድረውን ቤት ያዘጋጃል። ይህን ሳታደርጉ አመሻሽ ላይ ዱብ አትበሉ።

ቆራጣና ሬማ፦ የእኛው ሰፈር

የደቡብ ጎንደር ሰው የሚረሳው ነገር ቢኖር ሐይቁ የራሱም መሆኑን ነው። ሊቦ ከምከም፣ ፎገራና ደራ ወረዳዎች ጣናን ይነካሉ። ደራ ውስጥ ከሐሙሲት ወደ ሐይቁ ታጥፎ ቆራጣ አለች።

በ1858 ዓ.ም. የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆርሙዝድ ራሳም እንግዳ ሆኖ የተቀመጠው ቆራጣ ነበር። አጼ ቴዎድሮስ ማዶ ዘጌ ሰፍረው፣ መልእክቱ በታንኳ ይመላለስ ነበር። ከእኛ ከጋፋት ያሉት የአውሮፓ ባለ እጆችም እንግዳውን እንዲያጫውቱ ወደ ቆራጣ ተልከዋል። ያ እንግድነት በእስር መጨረሱን ታሪክ ያነበበ ያውቃል። ግን ከጋፋት ተነስቶ ጣና ዳር ማደር አዲስ ነገር እንዳልሆነ ልብ በሉልኝ።

ቆራጣ የእናታችን የወለተ ጴጥሮስ ገዳም ያለባት ናት። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጼ ሱስንዮስ ካቶሊክ ሲሆኑ «እምቢ» ያለችው መነኩሲት ናት። ከዚያው ፊት ለፊት ባለው ሬማ ደሴት ተቀብራለች፤ አጼ ሠርጸ ድንግልም እዚያው ሬማ መድኃኔዓለም ናቸው። የእኛ አካባቢ ሰው ሲያድር ቆራጣ ያድርና ጠዋት ሬማ ይሻገራል። ሪዞርት የለም፣ ሰልፊ የሚነሳ ወረፋም የለም።

ጎርጎራና ባህር ዳር፦ አልጋ ለሚፈልግ

ሁሉም ሰው መደብ ላይ ይተኛ እያልኩ አይደለም። ወላጅ ይዞ የሚሄድ፣ ሙሽሮች፣ ወገቡን የሚያመው ሰው አልጋ ይፈልጋል። በሰሜን ዳርቻ ጎርጎራ በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት የተሠራው ሪዞርት አለ። አጠገቡ የደብረ ሲና ማርያም አለች። ባህር ዳር ደግሞ እንደ ኩሪፍቱ ካለው ሪዞርት ጀምሮ እስከ መናኸሪያ ዙሪያ ፔንሲዮን ድረስ በየኪሱ ልክ ይገኛል። ብልሃቱ ባህር ዳር ብታድሩም ማታውን ገብታችሁ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ጀልባ ላይ መሆን ነው። ነፋሱን ትቀድሙታላችሁ።

ሒሳቡ

የጀልባ ኪራይ በኢኮኖሚክስ ቋንቋ ቋሚ ወጪ ነው። ሁለት ሆናችሁ ብትሄዱም ስምንት ሆናችሁ ብትሄዱም ባለ ጀልባው የሚያቃጥለው ነዳጅ ብዙ አይለይም። ኪራዩ 8 ሺህ ብር ነው እንበል፤ ለሁለት 4 ሺህ 4 ሺህ፣ ለስምንት ግን አንድ አንድ ሺህ። ስለዚህ መጀመሪያ ሰው ሰብስቡ፣ ቀጥሎ ደሴት ምረጡ። ዋጋ ስትነጋገሩ የመቆያ ሰዓቱን፣ የምትደርሱባቸውን ደሴቶች ብዛትና የሚያድር ከሆነ የባለ ጀልባውን ራት ጭምር ለይታችሁ ጨርሱ። የሕይወት ጃኬት ከሌለ አትሳፈሩ፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም።

የእንግዳ ወግ

በእኛ አገር የመሸበት መንገደኛ ደጅ ላይ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» ይላል። መልሱም «ቤት የእግዜር ነው፣ ይግቡ» ነው። ይህ ወግ ዛሬም ሐይቁ ዳር አልጠፋም። እንግዳ ተቀባይ ሁሉ ግን ባለጸጋ አይደለም። እራቱን ለእናንተ ሰጥቶ ልጆቹን በጊዜ የሚያስተኛ ቤት ሊሆን ይችላል። «ስንት ልክፈል?» ካላችሁ ይቀየማሉ፤ ዝም ብላችሁ ከወጣችሁ ደግሞ እናንተ ትቀየማላችሁ። የአገሬው ሰው መላ አለው፦ ቡና፣ ስኳር፣ ሳሙና፣ ዘይት ይዞ ይገባል፤ ሲወጣ ብር በልጁ እጅ ያስጨብጣል። ለገዳም ደግሞ ጧፍ፣ ዕጣን፣ ዘቢብ።

ሌላው አጭር ነው። ሴቶች ቀሚስና ነጠላ። ፎቶ ከማንሳት በፊት «አባ፣ ይፈቀዳል?» ማለት። አጎበር፣ ምክንያቱም ወባ አለ፤ እኛ ደገኞች ይህን እንረሳለን። ዳር ላይ ባለው ጥልቀት በሌለው ውሃ አለመዋኘት፣ ቢልሃርዝያ ስላለ። ኔትወርክ ስለሚቆራረጥ ቴሌብር ላይ ብቻ አለመተማመን፣ ዝርዝር ጥሬ ብር መያዝ።

ስለ አሁኑ ጊዜ

ይህን ሁሉ ስጽፍ መንገዱ ሁልጊዜ ክፍት እንዳልሆነ ረስቼ አይደለም። መጀመሪያ ኮቪድ፣ ቀጥሎ የሰሜኑ ጦርነት፣ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልላችን ያለው ግጭት እንግዳን ከጣና አርቆታል። በምሥራቁ ዳርቻ እምቦጭ ጀልባ ማስጠጊያውን ሲሸፍን ዓሣ አጥማጁም ተጎድቷል። ከጅቡቲ በግዙፍ ተሽከርካሪ ተጭና ወደ ጣና የተጓዘችውን ጣናነሽ 2ን በየስልካችን ስንከታተል ከርመናል። ጥሩ ነው። ግን ትልቅ መርከብም ሆነ ትልቅ ሪዞርት የሚጠቅመው የሚሳፈርና የሚያድር ሰው ሲኖር ነው፤ ለጊዜው ያ ሰው ከውጭ አይመጣም። ካለም እኛው ነን።

ስለዚህ ለመሄድ ካሰባችሁ አንድ ቀን ቀድማችሁ እዚያው ያለ ሰው ጋ ደውሉ። ፌስቡክ ሳይሆን ሹፌሩን፣ ባለ ጀልባውን፣ ዘመድ ካለም ዘመዱን። «መንገዱ ሰላም ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። «ዛሬ ተዉት» ካሏችሁ ተዉት፤ ሐይቁ የትም አይሄድም። «ኑ» ካሏችሁ ግን ለአንድ ሌሊት የሚሆን ጋቢ፣ ግማሽ ኪሎ ቡናና አንድ ኪሎ ስኳር ይዛችሁ ውረዱ። የት እንደምታድሩ የቀረውን እነሱ ይነግሯችኋል።