ከ«ኦፕን ሶላሪስ» ወደ «ኢሉሞስ»፦ ባለቤቱ የዘጋው ሥርዓት እንዴት በሌሎች እጅ ቀጠለ?

ኮምፒዩተር በምንጠቀምበት ጊዜ ሁሉ በእኛና በማሽኑ መካከል ቆሞ የሚያገለግል አንድ ትልቅ ፕሮግራም አለ፤ ይኸውም ኦፕሬቲንግ ሲስተም ይባላል። ሚሞሪውን ለልዩ ልዩ ፕሮግራሞች የሚያከፋፍል፣ ፋይሎችን በዲስክ ላይ የሚያስቀምጥና የኔትወርክ መልእክቶችን የሚያስተናግድ እርሱ ነው። «ዊንዶውስ» እና «ሊኑክስ» ለአብዛኛው አንባቢ የታወቁ ስሞች ናቸው። «ሶላሪስ» ግን በአብዛኛው በታላላቅ ተቋማት ሰርቨሮች ላይ ያገለገለ በመሆኑ በግል ኮምፒዩተር ተጠቃሚዎች ዘንድ እምብዛም አይታወቅም።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው፣ ይህ ሥርዓት አምስት ዓመት ያህል ለሕዝብ ክፍት ሆኖ ከቆየ በኋላ በባለቤቱ ኩባንያ ውሳኔ ሲዘጋ፣ በልዩ ልዩ አገሮች የሚገኙ ባለሙያዎችና በጎ ፈቃደኞች የራሳቸውን ነጻ ሥርዓት መሥርተው እንዴት እንደቀጠሉ ነው። ታሪኩ አንድ መሠረታዊ ጥያቄ ያስነሣል፤ አንድ ዕውቀት አንዴ ለሁሉ ከተሰጠ በኋላ ሰጪው መልሶ ሊወስደው ይችላልን? (በጽሑፉ ውስጥ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ምንጭ ኮድ፣ ፈቃድና «ፎርክ»

አንድ ፕሮግራም በሁለት መልክ ይገኛል። የመጀመሪያው ሰው የሚጽፈውና የሚያነበው ምንጭ ኮድ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ምንጭ ኮዱ ኮምፓይለር በተባለ መሣሪያ ተተርጉሞ ማሽኑ የሚፈጽመው የዜሮና የአንድ ቅደም ተከተል ሲሆን ባይነሪ ይባላል። ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው መሄድ ቀላል ነው፤ ከሁለተኛው ወደ መጀመሪያው መመለስ ግን እጅግ አድካሚ ነው። የተጋገረ እንጀራ ቀምሰን ስንት እጅ ጤፍ፣ ስንት እጅ ውኃ እንደገባበትና ስንት ቀን እንደቦካ በትክክል ለመናገር እንደምንቸገር ማለት ነው። ስለሆነም ባይነሪውን ብቻ የያዘ ሰው በፕሮግራሙ ሊገለገልበት እንጂ ሊያርመው አይችልም።

ነጻ ሶፍትዌር የሚባለው ምንጭ ኮዱ ከሕጋዊ ፈቃድ ጋር የሚሰጥ ሶፍትዌር ነው። ፈቃዱ ማንም ሰው ኮዱን እንዲያነብ፣ እንዲያሻሽልና ለሌሎች እንዲያከፋፍል ያስችለዋል። እዚህ ላይ «ነጻ» የሚለው ቃል የሚያመለክተው ዋጋን ሳይሆን መብትን መሆኑን ልብ ይሏል። ከዚህ መብት የሚመነጭ አንድ ድርጊት አለ፤ በሙያው ቋንቋ «ፎርክ» ይባላል። መንገድ መንታ ሆኖ እንደሚለያይ ሁሉ፣ አንድ ቡድን ያለውን ኮድ እስከ አንድ ቀን ድረስ እንዳለ ወስዶ ከዚያ ወዲያ በራሱ ስምና በራሱ አመራር ሲያሳድገው ፎርክ አደረገ ይባላል። ያለፈው ታሪክ የጋራ ሆኖ ይቀራል፤ የወደፊቱ ግን የየራስ ይሆናል።

የሶላሪስ መከፈት

ሶላሪስ በ1982 በካሊፎርኒያ በተመሠረተው «ሰን ማይክሮሲስተምስ» ኩባንያ የተሠራ፣ ከዩኒክስ ቤተሰብ የሚመደብ ሥርዓት ነው። ምንጭ ኮዱ ለረጅም ጊዜ የኩባንያው ንብረት ሆኖ ከቆየ በኋላ፣ ጁን 14 ቀን 2005 አብዛኛው ክፍል «ኦፕን ሶላሪስ» በሚል ስም ለሕዝብ ተለቀቀ። የተለቀቀበት ፈቃድ ሲ.ዲ.ዲ.ኤል. የሚባል ሲሆን ከሞዚላ የሶፍትዌር ፈቃድ የተቀዳ ነው።

የተከፈተው ተራ ነገር አልነበረም። በሥራ ላይ ያለን ሥርዓት ሳያቆሙ ውስጡን ለመመርመር የሚያስችለው «ዲትሬስ»፣ አንዱን ማሽን እንደ ብዙ ማሽኖች ለመከፋፈል የሚያገለግለው «ዞንስ»፣ እንዲሁም ከጥቂት ወራት በኋላ የተጨመረው «ዜድ.ኤፍ.ኤስ.» የተባለው የፋይል ሥርዓት በዘመኑ ከነበሩት ሁሉ የላቁ ነበሩ። በ2008 ደግሞ «ኢንዲያና» በተባለ ፕሮጀክት አማካይነት፣ ቀደም ሲል የ«ዴቢያን» ሊኑክስ መሥራች በነበረው በኢያን መርዶክ መሪነት፣ ማንም ሰው በቀላሉ በኮምፒዩተሩ ላይ ሊጭነው የሚችል ቅጂ ተዘጋጀ።

ይሁን እንጂ ሁለት ድክመቶች ነበሩ። አንደኛ፣ አንዳንድ ክፍሎች የሌሎች ኩባንያዎች ንብረት በመሆናቸው በባይነሪ መልክ ብቻ ይሰጡ ነበር። ሁለተኛ፣ ከውጭ ሆኖ ኮድ የሚያዋጣ ሰው ሁሉ የቅጂ መብቱን ከኩባንያው ጋር በጋራ ለመያዝ ስምምነት መፈረም ነበረበት። ሁለቱም ነገሮች በጊዜው የአሠራር ዝርዝር ይመስሉ ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ ግን የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ሆኑ።

የ2010 ክስተት

«ኦራክል» የተባለው ኩባንያ ሰንን የመግዛቱን ሂደት በጃንዋሪ 2010 አጠናቀቀ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት የኦፕን ሶላሪስ ማኅበረሰብ ስለ ወደፊቱ ዕጣው ግልጽ መልስ ሳያገኝ ቆየ። ኦገስት 3 ቀን 2010 ጋሬት ዳሞር የተባለ መሐንዲስ ከሌሎች ባልደረቦቹ ጋር በመሆን «ኢሉሞስ» የተባለ ፕሮጀክት መመሥረቱን አስታወቀ። ስሙ «ማብራት» ከሚለው የላቲን ቃል የተወሰደ ነው። የመጀመሪያ ዓላማው በዝግ የቆዩትን ክፍሎች በክፍት ኮድ እየተኩ ከኦራክል ሥራ ጋር ጎን ለጎን መጓዝ ነበር።

ከዐሥር ቀን በኋላ ነገሩ ተለወጠ። ኦገስት 13 ቀን የኦራክል የውስጥ ማስታወሻ ወደ አደባባይ ወጣ። ማስታወሻው በየዕለቱ የሚደረገው የምንጭ ኮድ ሥርጭት እንደሚቆምና የኦፕን ሶላሪስ ቅጂም እንደማይቀጥል ይገልጻል። ኦገስት 23 ቀን የኦፕን ሶላሪስ የአስተዳደር ቦርድ ራሱን በራሱ አፈረሰ። ሴፕቴምበር 14 ቀን ደግሞ በጎ ፈቃደኞች «ኦፕን ኢንዲያና» የተባለውን ሥርዓት ለንደን ውስጥ ይፋ አደረጉ፤ የመጀመሪያውንም የሙከራ ቅጂ አብረው ለቀቁ። ስሙ የቀድሞውን የኢንዲያና ፕሮጀክት የሚያስታውስ መሆኑ ግልጽ ነው።

በዚህ ቦታ ሕጉን በጥሞና መመልከት ይገባል። ኦራክል የቅጂ መብቱ ባለቤት እንደመሆኑ ወደፊት የሚጽፈውን ኮድ የመዝጋት ሙሉ መብት ነበረው። ከላይ በጠቀስነው ስምምነት ምክንያት የውጭ ሰዎች ያዋጡትንም ጭምር በዝግ ምርቱ ውስጥ ሊጠቀምበት ይችላል። ያልቻለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አስቀድሞ በፈቃድ የተለቀቀውን ኮድ መልሶ መሰብሰብ። እስከዚያ ቀን ድረስ የወጣው ኮድ ፈቃዱን ለሚያከብር ሰው ሁሉ ክፍት ሆኖ ይኖራል።

የጎደለውን መሙላት

ነገር ግን መብት መኖሩ ብቻውን ሥርዓቱን አያስነሣውም። ፎርኩን የጀመሩት ሰዎች የገጠማቸው የመጀመሪያ እንቅፋት በባይነሪ ብቻ የቀረው ክፍል ነበር። ከእነዚህ ዋነኛው «ሊብሲ» በተባለው የጋራ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የሚገኝ ክፍል ነው። ሊብሲ ፕሮግራሞች ሁሉ ማለት ይቻላል የሚጠሯቸውን መሠረታዊ ትእዛዞች የያዘ ነው። ዝግ የነበረው ክፍል ደግሞ የቋንቋና የአገር ልማድን የሚመለከተው ነው። ስሞች በፊደል ተራ ሲደረደሩ በአማርኛ «ሀ» ከ«ለ» እንደሚቀድም፣ ቀን በምን ቅደም ተከተል እንደሚጻፍ፣ ክፍልፋይ ቁጥር በነጥብ ወይስ በሰረዝ እንደሚለይ አንድ ፕሮግራም የሚጠይቀው ይህን የመሰለውን ክፍል ነው። መጠኑ ከጠቅላላው ሥርዓት ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። ሆኖም ያለ እርሱ ሊብሲ ሙሉ አይሆንም፤ ያለ ሊብሲም ሥርዓቱ አይሠራም።

መፍትሔው የተገኘው ከሌላ የነጻ ሶፍትዌር ማኅበረሰብ ነው። ዳሞር ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራውን ኮድ ፈቃዱ ከሚያስችለው ከ«ፍሪ.ቢ.ኤስ.ዲ.» ወስዶ ለሶላሪስ አሠራር አስማማው። በኔትወርክ በጋራ የሚያዙ ፋይሎችን የመቆለፍ ሥራ የሚቆጣጠረው ክፍልም በኋላ በዚሁ መንገድ ተተካ። ከዚህ በተጨማሪ ሥርዓቱ ይተረጎምበት የነበረው የሰን ኮምፓይለር ክፍት ስላልነበረ ሥራው ወደ ነጻው «ጂ.ሲ.ሲ.» መዛወር ነበረበት። ለአንድ ኮምፓይለር ልማድ የተጻፈን ሰፊ ኮድ ለሌላው ማስማማት ትዕግሥት የሚጠይቅ፣ ለዓይን የማይታይ ሥራ ነው።

የሥራ ክፍፍሉንም መረዳት ጠቃሚ ነው። ኢሉሞስ መሠረቱ ነው፤ ከርነሉን፣ ዋና ዋና ቤተ መጻሕፍቱንና መሣሪያዎቹን ይይዛል። ኦፕን ኢንዲያና ደግሞ በዚህ መሠረት ላይ የተጠቃሚ መስኮቶችንና ሌሎች ፕሮግራሞችን ጨምሮ የተሟላ ሥርዓት አድርጎ ያቀርበዋል። በዚያው መሠረት ላይ «ስማርት.ኦ.ኤስ.»፣ «ኦምኒ.ኦ.ኤስ.» እና ሌሎችም ተገንብተዋል።

ለምን ተደከመለት? የዜድ.ኤፍ.ኤስ. ምሳሌ

ይህ ሁሉ ድካም ለምን እንዳስፈለገ ለመረዳት ዜድ.ኤፍ.ኤስ.ን በጥቂቱ እንመልከት። በዲስክ ላይ የተጻፈ መረጃ ከጊዜ በኋላ ሳይታወቅ ሊበላሽ ይችላል። የዲስኩ መግነጢሳዊ ገጽ ይደክማል፣ የሚያገናኘው ገመድ ይሳሳታል፣ ወይም የዲስኩ መቆጣጠሪያ መረጃውን በተሳሳተ ቦታ ይጽፈዋል። ብዙ የፋይል ሥርዓቶች ዲስኩ የሰጣቸውን መረጃ አምነው ይቀበላሉ። ዜድ.ኤፍ.ኤስ. ግን ለእያንዳንዱ የመረጃ ክፍል ከይዘቱ የተሰላ የማረጋገጫ ቁጥር ያዘጋጃል፤ ቁጥሩንም ከመረጃው ጋር ሳይሆን ወደ መረጃው በሚጠቁመው የበላይ ክፍል ውስጥ ያስቀምጠዋል። የበላዩም ክፍል በተራው ከእርሱ በላይ ባለው ይረጋገጣል፤ እንዲህ እያለ እስከ ሥሩ ይደርሳል። መረጃው ሲነበብ ቁጥሩ እንደገና ይሰላል፤ ካልተስማማ መረጃው ተበላሽቷል ማለት ነው። ሁለተኛ ቅጂ በሌላ ዲስክ ላይ ካለ ሥርዓቱ ከዚያ ወስዶ ራሱ ያርመዋል።

ሌላው ባሕርይው ነባሩን መረጃ ደልዞ በላዩ አለመጻፉ ነው። አዲሱን በባዶ ቦታ ጽፎ ከጨረሰ በኋላ ብቻ ሥሩን ወደ አዲሱ ያዞረዋል። ስለዚህ በመካከል መብራት ቢጠፋ የሚገኘው ወይ የቀድሞው ሙሉ ሁኔታ ወይ አዲሱ ሙሉ ሁኔታ ነው፤ በግማሽ የቀረ ነገር አይኖርም። ኃይል በድንገት በሚቋረጥበት አካባቢ ለሚሠራ ሰው የዚህ ጥቅም ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ከመዘጋቱ በኋላ የዜድ.ኤፍ.ኤስ. እና የዲትሬስ ጸሐፊዎች ከሆኑት መሐንዲሶች ብዙዎቹ ኦራክልን ለቀው ሥራቸውን በኢሉሞስ ላይ ቀጠሉ። በዚህ ጊዜ አንድ አስገራሚ ችግር ተፈጠረ። ቀደም ሲል በዲስክ ላይ ያለው የዜድ.ኤፍ.ኤስ. አቀማመጥ በተሻሻለ ቁጥር ተከታታይ ቁጥር ይሰጠው ነበር፤ በክፍት የተለቀቀው የመጨረሻው 28ኛው ነበር። ተከታታይ ቁጥር ግን ቁጥሩን የሚወስን አንድ አካል መኖሩን ታሳቢ ያደርጋል። ሁለት ቡድኖች ሳይነጋገሩ የየራሳቸውን ለውጥ በአንድ ቁጥር ቢጠሩ አንዱ የጻፈውን ዲስክ ሌላው በስሕተት ሊረዳው ይችላል። ስለዚህ የኢሉሞስ መሐንዲሶች ቁጥሩን ትተው እያንዳንዱን ለውጥ በራሱ ልዩ ስም መመዝገብ ጀመሩ። ሥርዓቱ አንድን ዲስክ ከመክፈቱ በፊት የስሞቹን ዝርዝር አይቶ የማያውቀው ካለ ጥንቃቄ ያደርጋል። የአስተዳደር መከፋፈል የወለደው ችግር ቴክኒካዊ መፍትሔ አገኘ ማለት ነው። በዚህም መሠረት በ2013 የኢሉሞስ፣ የፍሪ.ቢ.ኤስ.ዲ. እና የሊኑክስ ባለሙያዎች «ኦፕን ዜድ.ኤፍ.ኤስ.» በተባለ የጋራ ፕሮጀክት ተሰባሰቡ።

የሰው ኃይል ጥያቄ

ታሪኩ የድል ብቻ አይደለም። ኢሉሞስን ያቆመው በጎ ፈቃድ ብቻ ሳይሆን «ኔክሴንታ»ን፣ «ጆየንት»ንና «ዴልፊክስ»ን የመሳሰሉ ኩባንያዎች ይከፍሏቸው የነበሩ መሐንዲሶችም ሥራ ነው። በበጎ ፈቃደኞች ላይ የተመካው ኦፕን ኢንዲያና ግን የሰው እጥረት በጽኑ ተሰምቶታል። የመጀመሪያው መሪው በ2012 ኃላፊነቱን ለቀቀ፤ ሥራውም ለጊዜው ተዳከመ። ከዚያ በኋላ ጥቂት ሰዎች «ሂፕስተር» በሚል ስም አካሄዱን አሻሽለው ትናንሽ ለውጦችን ያለማቋረጥ በመጨመር አስቀጠሉት። ኦምኒ.ኦ.ኤስ.ም በ2017 የመሠረተው ኩባንያ ሥራውን ሲያቆም ተጠቃሚዎቹ ተረክበውታል። ዛሬም ቢሆን ማኅበረሰቡ አነስተኛ ነው፤ በየጊዜው ለሚወጡት አዳዲስ ዕቃዎች ሁሉ ድራይቨር በማዘጋጀት ከሊኑክስ ጋር መወዳደር አይችልም። የኦፕን ዜድ.ኤፍ.ኤስ. ዋና የሥራ ማዕከልም ከኢሉሞስ ወደ ሊኑክስ ተሸጋግሯል።

ማጠቃለያ

በመግቢያችን ላነሣነው ጥያቄ መልሱ ሁለት ክፍል አለው። በሕግ ረገድ፣ በነጻ ፈቃድ የተሰጠ ኮድ መልሶ አይወሰድም። በተግባር ግን ይህ መብት ዋጋ የሚኖረው ኮዱን አንብቦ የሚረዳ፣ የጎደለውን የሚሞላና ሥራውን ከዓመት ዓመት የሚያስቀጥል ሰው ሲገኝ ነው። የኢሉሞስ ሰዎች ካለፈው ትምህርት ወስደዋል፤ ኮድ የሚያዋጣ ሰው የቅጂ መብቱን ለማንም እንዲያስረክብ አይጠየቅም። የሥርዓቱ ባለቤትነት በብዙ ሰዎች እጅ የተበተነ በመሆኑ ማንም አንድ አካል ብቻውን ሊዘጋው አይችልም።

ለእኛ ለተማሪዎችና ለመምህራን የሚቀረው ነገር ይኸው ነው። የታላላቅ መሐንዲሶች ሥራ፣ ከነማብራሪያውና ከነእርማቱ፣ ለማንበብ ለሚፈልግ ሁሉ ክፍት ሆኖ ተቀምጧል። የፋይል ሥርዓት እንዴት እንደሚሠራ በመማሪያ መጽሐፍ ያነበበ ተማሪ የእውነተኛውን ኮድ ጥቂት ገጾች ከፍቶ ቢመለከት፣ በመጽሐፉ ሥዕልና በሥራ ላይ ባለው ፕሮግራም መካከል ያለውን ርቀት በራሱ ዓይን ይለካል። በ2010 በሩ ሲዘጋ ሥራውን ሊያስቀጥሉ የቻሉት አስቀድመው እንዲህ ያነበቡት ነበሩ።