ከምረቃ ንግግር ቃል መልቀም



ብዙዎቻችን ትምህርቱን እያወቅነው የጥያቄውን እንግሊዝኛ ባለመረዳት ነጥብ እንጥላለን። የመውጫ ፈተናውም የሚሰጠው በዚሁ ቋንቋ ነው። የቃላት ዝርዝር ብንሸመድድ በሳምንቱ ይጠፋናል፤ ቃሉ የሚይዘው ታሪክ የለውምና። ለተመራቂዎች የሚሰጡ የምክር ንግግሮች ግን ቃልን ከታሪክ ጋር ያስይዙናል።

ስቲቭ ጆብስ እ.ኤ.አ. በ2005 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያደረገውን ንግግር እንውሰድ። 15 ደቂቃ ያህል ነው፤ ሦስት ታሪኮች አሉት፤ በጽሑፍም ይገኛል። በመጀመሪያው ታሪክ ኮሌጅ ማቋረጡን «ድሮፕ አውት» ይለዋል። ሳይመዘገብ የወደደውን የውብ እጅ ጽሕፈት ትምህርት ገብቶ መከታተሉን ደግሞ «ድሮፕ ኢን» ይለዋል። ግሱ አንድ ሆኖ ሳለ ተከታዩ ቃል ትርጉሙን ገለበጠው። የምረቃው ሥነ ሥርዓት መጠሪያ «ኮሜንስመንት» ራሱ «ጅማሬ» ማለት ነው። ሦስተኛው ታሪክ ሞትን ስለማስታወስ ነው፤ ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም።

ከመግሪብ እስከ ዒሻ ባለው ጊዜ አንዱን ታሪክ ጽሑፉን እያየን እንስማ። አምስት ቃል እንምረጥ፤ በእያንዳንዱም ስለ ራሳችን ዓረፍተ ነገር እንጻፍ። በማግስቱ ጽሑፉን ሳናይ ደግመን እንስማ። ሙራጀዓ የሌለው ሒፍዝ እንደሚጠፋ እናውቃለን፤ የቋንቋ ቃልም እንዲሁ ነው።

ቃሉን እንውሰድ፤ ምክሩን ግን በዲናችን እንመዝን። አላህ ጠቃሚ ዕውቀት ይስጠን፤ አሚን።